ቀላል ጌም መገምገምና በስክራች መሥራት፦ ከየት ይጀመራል?

ክፍል_10ለ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአይሲቲ ፕሮጀክት ተሰጥቶናል። አንድ ቀላል ጌም ገምግሞ አንድ ገጽ መጻፍ፣ ከዚያ በስክራች (ብሎኮችን እየገጣጠሙ ኮድ በሚሠራበት ፕሮግራም) የራስን ቀላል ጌም መሥራት። ጊዜው ሁለት ሳምንት ነው። ለግምገማው የመረጥኩት ኢንተርኔት ሲጠፋ ክሮም ላይ የሚመጣውን የዳይኖሰር ሩጫ ነው። እስካሁን የጻፍኩት ይኼ ብቻ ነው፦ «ጌሙ ቀላልና አዝናኝ ነው። ግራፊክሱ ባለ ቀለም ባይሆንም ያምራል። ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል።» ለራሴም እንደዚሁ የሩጫና የዝላይ ጌም አስቤያለሁ። ግምገማው ላይ ምን ይጻፋል? ሥራውስ በምን ይጀመራል?

መምህር_አይሲቲ፦
የጻፍካቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የትኛውም ጌም ላይ ቢለጠፉ ያስኬዳሉ፤ ችግሩ እሱ ነው። የጌም ግምገማ የሚጀምረው ከመቁጠር ነው። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ምንም ሳትጽፍ ተጫወት። ከዚያ ወረቀትና የስልክ ሰዓት ይዘህ 10 ዙር ተጫወትና በየዙሩ ሁለት ነገር መዝግብ፦ ስንት ሰከንድ ቆየህ፣ ምን ገደለህ። ከ10ሩ ዙር 7ቱን ያበቃው አንድ ዓይነት እንቅፋት ከሆነ ስለ እሱ ብቻ አንድ አንቀጽ ይወጣሃል።

ከቁጥሩ በኋላ የምትመልሳቸው ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። ተጫዋቹ የሚያደርገው ድርጊት ምንድን ነው፤ በአንድ ግሥ ግለጸው። ማንም ሳያስረዳው ድርጊቱን እንዴት ያውቃል? ጌሙ እየከበደ የሚሄደው በምን ነው? ከተሸነፈ በኋላ እንደገና ለመጀመር ስንት ቁልፍ መጫን አለበት? የመጨረሻውን ብዙ ተማሪ ይዘለዋል፤ ነገር ግን ዙሩ 30 ሰከንድ የሚቆይ ጌም ላይ መመለሻው 5 ሰከንድ ከወሰደ ተጫዋቹ በሦስተኛው ዙር ጥሎ ይነሣል።

ዳይኖሰሩን በዚህ ዓይን እየው። ክሮም ውስጥ የገባው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ድርጊቶቹ ሁለት ናቸው፦ መዝለልና ማጎንበስ። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ቁልቋል ብቻ ስለሆነ ተጫዋቹ መዝለልን ለብቻው ይለማመዳል። የምትበረው ወፍ ዘግይታ ነው የምትመጣው፤ ከፍታዋ ስለሚለያይ አንዳንዴ ትዘልላታለህ፣ አንዳንዴ ታጎነብስላታለህ፣ አንዳንዴ ዝም ብለህ በሥሯ ታልፋለህ። በየ100 ነጥቡ ቁጥሩ ብልጭ ይላል፣ ድምፅም ይሰማል። 700 ላይ ሰማዩ ይጨልማል። ስትሸነፍ በአንድ ቁልፍ ትመለሳለህ። እንዲህ ብትጽፍ «አዝናኝ ነው» ማለት አያስፈልግህም፤ ለምን እንደሚያዝናና አንባቢው ራሱ ያየዋል።

ጆይስቲክ፦
መምህር ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። ግምገማ ላይ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ አንድ እርምጃ ጠልቆ መሄድ ብዙ ያስገኛል። ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች አሉ።

ፖንግን በ1972 እ.ኤ.አ. ለጌም ኩባንያው አታሪ የሠራው አለን አልኮርን ነው። ሁለት መምቻ፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ድርጊት። ኳሷ የትም ብትነካ በአንድ አቅጣጫ ብትመለስ ኖሮ ጌሙ በሁለት ደቂቃ ይሰለች ነበር። እሱ ግን መምቻውን 8 ቦታ ከፈለው፤ መሐል ላይ ስትመታት ቀጥ ብላ ትመለሳለች፣ ወደ ጫፍ ስትመታት አዘንብላ ትሄዳለች። ምልልሱ ሲረዝም ደግሞ ኳሷ ትፈጥናለች። ተጫዋቹ የሚያደርገው ያንኑ ወደ ላይና ወደ ታች ማለት ነው፤ የት ላይ እንደሚመታ መምረጡ ግን ችሎታ ሆነ።

ሁለተኛው ስፔስ ኢንቬደርስ ነው፣ 1978 እ.ኤ.አ.፣ ሠሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ። ተጫዋቹ የሚተኩስባቸው ጠላቶች ባለቁ ቁጥር የቀሩት ይፈጥናሉ። መነሻው ማሽኑ ነው፦ በስክሪኑ ላይ የሚሣሉት ሲያንሱ ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ይሥላቸዋል። ኒሺካዶ ይህን ከማረም ይልቅ ተወው፤ የጌሙ መክበጃ ሆነ። ስለዚህ ግምገማህ ላይ «ፍጥነቱ ይጨምራል» ብለህ አታቁም። በጊዜ ነው የሚጨምረው? በነጥብ? በቀሩት ጠላቶች ብዛት? ይኼን ከለየህ የራስህን ስትሠራ የቱን እንደምትመርጥ ታውቃለህ።

ጠጠር፦
ወንድሜ፣ የሩጫ ጌም ሁሉም ተማሪ ነው የሚሠራው። ገበጣን ለምን አታስበውም? ኮምፒውተር ሳትነካ ደንቡን በጠጠር መሞከር ትችላለህ፣ ኮዱም ስለ ዝርዝር ጥሩ ያስተምርሃል። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ መጀመሪያ የሰፈርህን ደንብ ጻፍ። ለመነሻ ባለ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ያዝ፤ ጠቅላላው 48 ይሆናል።

ስክራች ላይ 12 ቁጥር ያለው አንድ ሊስት (ዝርዝር) ይበቃሃል። ሁሉም የሚሳሳተው ዙሩን ሲያዞር ነው። የስክራች ሊስት የሚጀምረው ከ1 ነው እንጂ ከ0 አይደለም። «ቀጣዩ ጉድጓድ» የሚለውን መጀመሪያ 1 ደምረህ ከዚያ በ12 አካፍለህ ቀሪውን ከወሰድክ፣ ከ11ኛው ጉድጓድ ቀጥሎ 0 ይመጣል። 0ኛ ጉድጓድ ስለሌለ ጠጠሩ ይጠፋል፤ ስክራችም ስሕተት ነው ብሎ አይነግርህም። ትክክለኛው፦ ያለህበትን በ12 አካፍለህ ቀሪውን ውሰድ፣ ከዚያ 1 ደምር። 11 ላይ 12 ይሰጥሃል፣ 12 ላይ 1 ይሰጥሃል። ከየተራው በኋላ የጉድጓዶቹንና የተበሉትን ጠጠሮች ድምር በስክሪኑ ጥግ አሳይ። ድምሩ 48 ካልሆነ ባጉ የገባው በዚያች ተራ ነው።

ክፍል_10ለ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግምገማውን እንደገና እየጻፍኩ ነው። ገበጣው ደስ ብሎኛል፤ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዳልንጠለጠል ሩጫውን ልጨርስ። ኮድ ከመጀመሬ በፊት ወረቀት ላይ ምን መኖር አለበት?

መምህር_አይሲቲ፦
ግማሽ ገጽ ይበቃል። ድርጊቱ፣ መሸነፊያው፣ ነጥቡ የሚቆጠርበት መንገድ፣ በየስንት ጊዜው ምን እንደሚከብድ። ከዚያ ቁጥሮቹ፦ የሯጩ ስፋትና ቁመት፣ የእንቅፋቱ ስፋትና ቁመት፣ ፍጥነት፣ በእንቅፋቶች መካከል ያለው ጊዜ። ታሪክና ሙዚቃ አሁን አትጻፍ።

ሥዕሉን በልክ ሣለው። የስክራች መድረክ 480 በ360 ፒክስል ነው፣ መሐሉ ዜሮ። አንዱን ሴንቲሜትር 20 ፒክስል ብታደርገው 24 በ18 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ይገባል። ሯጩን 2 በ2 ሴንቲሜትር፣ እንቅፋቱን 1 በ2 ሴንቲሜትር ቆርጠህ አውጣና ወረቀቱ ላይ በእጅህ አንቀሳቅሳቸው። ሯጩ ግራ በኩል፣ ኤክስ (የጎን ቦታው) -160 አካባቢ ይቁም። እንቅፋቱ ከቀኝ ጠርዝ ሲነሣ እስከ ሯጩ 400 ፒክስል አለው፤ ተጫዋቹ አይቶ ለመወሰን ያለው ርቀት ይኼ ነው። ሯጩን መሐል ላይ ብታቆመው ርቀቱ ወደ 240 ይወርዳል። በምን ምክንያት ግራ እንዳቆምከው ሪፖርትህ ላይ ጻፈው።

ኮድ_በፊደል፦
ዝላዩን ስትጽፍ «10 ወደ ላይ፣ 10 ወደ ታች» እያልክ በሪፒት ብሎክ አትሥራው፤ እንቅስቃሴው እንደ ሊፍት ይሆንብሃል። «የዝላይ ፍጥነት» የሚል አንድ ቫሪያብል (የሚለዋወጥ ቁጥር መያዣ) ፍጠር። ፎሬቨር (ሳያቋርጥ የሚደግመው ብሎክ) ውስጥ በየዙሩ፦ ፍጥነቱን በ-1 ለውጥ (ስበቱ ይኼ ነው)፣ ዋይን (የከፍታ ቦታውን) በፍጥነቱ ለውጥ፣ ዋይ ከመሬት በታች ከወረደ ዋይን መሬት ላይ መልሰህ ፍጥነቱን 0 አድርግ። በመጨረሻ ሯጩ መሬት ላይ ካለና ስፔስ ከተጫነ ፍጥነቱን 12 አድርግ። «መሬት ላይ ካለ» የሚለውን ከረሳኸው ሯጩ አየር ላይ እየዘለለ ከስክሪኑ ይወጣል። ስፔስን ለመፈተሽ ባለ ባርኔጣውን (አናቱ የጎበጠውን) «ስፔስ ሲጫን» የሚለውን ብሎክ አትጠቀም፤ ኢፍ ውስጥ የሚገባውን የፈዛዛ ሰማያዊውን ክፍል (ሴንሲንግ) ብሎክ ተጠቀም። ባለ ባርኔጣው ቁልፉ ተይዞ ሲቆይ ኪቦርዱ ራሱ ፊደል በሚደጋግምበት ፍጥነት ስለሚሠራ ዘግየት ይላል።

ክፍል_10ለ፦
ዝላዩ ሠራ። አሁን ያለኝ፦ ሯጭ 40 በ40፣ እንቅፋት ስፋቱ 20 ቁመቱ 40፣ ዝላይ 12፣ ስበት -1። ለጀማሪ እንዲቀል ብዬ የእንቅፋቱን ፍጥነት በየፍሬሙ (ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር) 3 ፒክስል አደረግኩት። ነገር ግን አንድም ሰው የመጀመሪያውን እንቅፋት አያልፍም። ዝላዩ ከእንቅፋቱ በላይ ይወጣል እኮ! ምኑ ነው የተበላሸው?

ኮድ_በፊደል፦
ኮድህ ልክ ነው፤ ቁጥሮቹ ናቸው የማይስማሙት። አብረን እንቁጠር። ስክራች በሰከንድ 30 ፍሬም ነው የሚሄደው። ዝላይ 12፣ ስበት -1 ሲሆን የሯጩ እግር ከመሬት ያለው ከፍታ በየፍሬሙ ይኼ ነው፦

11፣ 21፣ 30፣ 38፣ 45፣ 51፣ 56፣ 60፣ 63፣ 65፣ 66፣ 66፣ 65፣ 63፣ 60፣ 56፣ 51፣ 45፣ 38፣ 30፣ 21፣ 11፣ 0።

ሙሉ ዝላዩ 23 ፍሬም ነው፣ 0.77 ሰከንድ ገደማ። እንቅፋቱ ቁመቱ 40 ስለሆነ ከ40 በላይ የሆኑትን ብቻ ቁጠር፦ ከ5ኛው ፍሬም እስከ 18ኛው፣ 14 ፍሬም።

አሁን ወደ ጎን እይ። እንቅፋቱ ከሯጩ ሥር ገብቶ እስኪወጣ የሁለቱን ስፋት ድምር መጓዝ አለበት፦ 40 ሲደመር 20፣ 60 ፒክስል። በ3 ሲሄድ 20 ፍሬም ይፈጅበታል። ሯጩ ግን ከ40 በላይ የሚቆየው 14 ፍሬም ብቻ ነው። መቼም ቢዘልል እንቅፋቱ ላይ ያርፋል። ጌሙ ከባድ አይደለም፤ የማይቻል ነው።

ስታፈጥነው ደግሞ ይቀላል። በ6 ሲሄድ 10 ፍሬም ይበቃዋል፣ 4 ፍሬም ትርፍ አለህ፣ 0.13 ሰከንድ። በ8 ሲሄድ 8 ፍሬም፣ ትርፉ 6። ለጀማሪ ይኼም ጠባብ ነው። ስለዚህ ዝላዩን 15 አድርገው። ያኔ ጫፉ 105 ይደርሳል፣ ሙሉ ዝላዩ 29 ፍሬም ይሆናል፣ ከ40 በላይ የሚቆየው 22 ፍሬም ነው። ከፍጥነት 5 ጋር አጋጥመው፦ የሚያስፈልገው 12፣ ትርፉ 10 ፍሬም፣ የሰከንድ ሲሶ። ጀማሪ ያልፈዋል።

ክፍል_10ለ፦
አለፉ! በ15ና በ5 ሠራ። ታዲያ ፍጥነት ሲጨምር ዝላዩ የሚቀል ከሆነ ጌሙ በምን ይከብዳል?

ኮድ_በፊደል፦
በማሰቢያው ጊዜ። 400 ፒክስል በ5 ሲሄድ 80 ፍሬም፣ 2.7 ሰከንድ ገደማ ነው። በ10 ሲሄድ 40 ፍሬም ብቻ። ፍጥነቱን በየ10 ሰከንዱ በ0.5 ጨምርና 10 ላይ አቁመው። ፍጥነቱን የሚይዘው ቫሪያብል «ለሁሉም ስፕራይት» (እንደ ሯጩና እንቅፋቱ ላሉት ሥዕሎች ሁሉ) ይሁን፤ «ለዚህ ስፕራይት ብቻ» ካልከው እያንዳንዱ ክሎን (የእንቅፋቱ ቅጂ) በተፈጠረበት ጊዜ የነበረውን ፍጥነት ይዞ ይቀርና የኋለኛው የፊተኛውን ደርሶ ይይዘዋል።

ጆይስቲክ፦
በእንቅፋቶች መካከል ያለውን ጊዜ ተጠንቀቅ። ዝላይህ 29 ፍሬም፣ ማለትም ወደ አንድ ሰከንድ ነው። ሁለት እንቅፋት በ0.8 ሰከንድ ልዩነት ከመጡ ሯጩ ሳያርፍ ሁለተኛው ይደርስበታል። ከ1.3 እስከ 2.5 ሰከንድ አድርገው። ስክራች ላይ ፒክ ራንደም (በዕጣ ቁጥር የሚያወጣው ብሎክ) ከ1 እስከ 3 ብለህ ከጻፍክ የሚመጣው 1፣ 2 ወይም 3 ብቻ ነው፤ ተጫዋቹ ምቱን ይለምደዋል። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ነጥብ ካለው፣ ለምሳሌ 1.0 ካልከው፣ በመካከል ያሉትንም ያወጣል።

ጠጠር፦
ሪፖርት ላይ የምታስገባው ከሆነ ያንን የ14 እና የ20 ፍሬም ስሌት አትተወው። መምህሩ የሚፈልገው በትክክል እሱን ነው።

ክፍል_10ለ፦
አስገባዋለሁ። ሁለት ችግር ቀረኝ። አንደኛ፣ አንዳንዴ ሯጩ እንቅፋቱን ሳይነካው ይሸነፋል፤ የሯጩ እግር ሁለት ኮስቲዩም (የሚቀያየር ሥዕል) አለው፣ ሲሮጥ ይዘረጋል። ሁለተኛ፣ ሦስት አራት ደቂቃ ከተጫወትኩ በኋላ በግራ ጠርዝ በኩል እንቅፋቶች ተደርድረው ይቀራሉ፣ ሲቆይም አዲስ እንቅፋት መምጣቱን ያቆማል።

ኮድ_በፊደል፦
የመጀመሪያው ከኮስቲዩሙ ነው። ስክራች መነካካትን የሚለካው በተሣለው ነገር ነው፤ ባዶውን ቦታ አይቆጥርም። የተዘረጋው እግር እንቅፋቱን በአንድ ፍሬም ነክቶት ይሆናል፤ ዓይንህ አላየውም፣ ስክራች ግን ቆጠረው። ሌላ ስፕራይት ፍጠር፣ 28 በ32 የሆነ ተራ ሳጥን። ፎሬቨር ውስጥ ሯጩ ወዳለበት ይሂድ። መነካካቱን በሳጥኑ ፈትሽ። ሳጥኑን ግን ሃይድ አታድርገው፤ የተደበቀ ስፕራይት መነካካትን አይለይም። ጎስት የሚለውን ኢፌክት 100 አድርገው፤ ከዓይን ይጠፋል፣ መነካካቱ ይሠራል።

መምህር_አይሲቲ፦
ሳጥኑ ከሯጩ ማነሱም ሌላ ጥቅም አለው። ለጥቂት የነካ ተጫዋች ያልፋል፣ «ለትንሽ ተረፍኩ» ይላል። ሳጥኑ ከሥዕሉ የሰፋ እንደሆነ ግን ሳይነካ ይሸነፍና ጌሙን ማመን ያቆማል።

ኮድ_በፊደል፦
ሁለተኛው ችግር ብዙ ሰው የሚያደክም ነው። «ኤክስ ከ-240 ሲያንስ ክሎኑን አጥፋ» ብለህ ጽፈህ ይሆናል። ስክራች ስፕራይትን ሙሉ በሙሉ ከመድረኩ አያስወጣም፣ ጥቂቱን ጠርዝ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ስፋቱ 20 የሆነ እንቅፋት መሐሉ ከ-240 አልፎ አይሄድም፤ ስለዚህ ቅድመ ሁኔታህ መቼም እውነት አይሆንም፣ ክሎኖቹም አይጠፉም። የክሎን ጣሪያው 300 ነው፤ እዚያ ሲደርስ አዲስ መፍጠር ይቆማል። -240ውን ወደ -220 ቀይረው።

ክፍል_10ለ፦
በትክክል -240 ብዬ ነበር የጻፍኩት! አሁን ይጠፋሉ። ነገ ለሰው ልሰጠው ነው። ስንት ሰው ይበቃል? ምን ልጠይቃቸው?

መምህር_አይሲቲ፦
5 ሰው ይበቃል፤ ግን ከመጀመሪያው ሰው በኋላ አርመህ ለሁለተኛው ስጥ። አጠገባቸው ተቀመጥ፣ ምንም አታስረዳ። «ስፔስን ተጫን» ያልክ ጊዜ ሙከራው ተበላሸ፤ ቁልፉን ካላወቁ ስክሪኑ ላይ መጻፍ አለብህ ማለት ነው። «ወደድከው?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሰው ሁሉ ደግ ነው፣ «አሪፍ ነው» ይልሃል። የምትመዘግበው፦ የመጀመሪያውን ዝላይ ለማድረግ ስንት ሰከንድ ፈጀበት፣ 3 ዙር ሲጫወት በየዙሩ ስንት ነጥብ አገኘ፣ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ሳትጠይቀው አራተኛ ጀመረ ወይስ አልጀመረም። ከመጨረሻው የበለጠ የሚነግርህ የለም።

በሁለት ሙከራ መካከል አንድ ቁጥር ብቻ ለውጥ። ፍጥነቱንና ዝላዩን አንድ ላይ ከነካካህ የቱ እንዳሻሻለው አታውቅም። በየለውጡ ፋይሉን በአዲስ ስም አስቀምጥ፦ ሩጫ-1፣ ሩጫ-2። ኢንተርኔት የማያስፈልገውን የስክራች ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ያላስቀመጥከው ይጠፋል፤ በየ10 ደቂቃው አስቀምጥ። ፍላሽ ላይም ቅጂ ይኑርህ።

ጆይስቲክ፦
ከመስጠትህ በፊት ሁለት ነገር ፈትሽ። አረንጓዴው ባንዲራ ሲነካ ነጥቡ 0፣ ፍጥነቱ 5፣ የዝላይ ፍጥነቱ 0 ይሁን። ስክራች ቫሪያብሎቹን በራሱ አይመልስም፤ ሁለተኛው ተጫዋች ባለፈው ሰው ፍጥነት ይጀምርና ወዲያው ይሸነፋል። ሌላው፣ ሲሸነፍ ስፔስ እንደገና የሚያስጀምር ከሆነ ግማሽ ሰከንድ ዌይት አስገባ። ሰው የሚሸነፈው ጣቱ ስፔስ ላይ እያለ ነው፤ ዌይቱ ከሌለ ነጥቡን ሳያይ አዲስ ዙር ይጀምርበታል።

ክፍል_10ለ፦
የ5 ሰው ሙከራ ውጤት፦ የመጀመሪያው ሰው 9 ሰከንድ ዝም ብሎ አየ፣ ቁልፉን አላወቀም። «ለመዝለል ስፔስ» የሚል ጽሑፍ አስገባሁ፤ ሌሎቹ አራቱ ከመጀመሪያው እንቅፋት በፊት ዘለሉ። አራተኛ ዙር በራሳቸው የጀመሩት 3 ናቸው። ሁለቱ ያቆሙት ፍጥነቱ ወደ 8 ሲጠጋ ነው፤ ሁለቱም ያሉት «ሁለት ተከታትለው መጡብኝ» ነው።

ጆይስቲክ፦
በፍጥነት 8 ዝላዩ 29 ፍሬም ሲሆን እንቅፋቱ 232 ፒክስል ይጓዛል። 1.3 ሰከንድ ደግሞ 39 ፍሬም ነው። ካረፈ በኋላ ያለው 10 ፍሬም ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ነው አይቶ እንደገና መዝለል ያለበት። ትንሹን ጊዜ 1.3 የነበረውን 1.6 አድርገውና ሌላ ምንም ሳትነካ ለሁለቱ መልሰህ ስጣቸው።